የውሻ ልብና የሰው ዕዳ

በቋንቋችን «ልብ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። አስተዋዩን ሰው ልባም፣ ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ርኅራኄ የጎደለውን ልበ ደንዳና እንለዋለን፤ የተዘናጋውንም «ልብ አድርግ» እያልን እንመክረዋለን። ውሻ ግን በዚሁ ቋንቋ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለስድብ ነው። ታማኝነቱን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ታማኝነቱ ከስድብ አላዳነውም። እንዲህም ሆኖ የሰው ልጅ ስለ ገዛ ልቡ ካወቀው ነገር ብዙውን የተማረው የውሻን ልብ ከፍቶ በማየት፣ ኤሌክትሪኩን በመለካት፣ ሥሩን በመስፋትና በመቀጠል ነው። ውሻው ልቡን ለትምህርት ከሰጠ በኋላ የራሱ ልብ ሲታመም ሐኪም ያገኘው ስንት ዘመን ቆይቶ እንደ ሆነ መመርመር ለታሪክ ወዳድ አንባቢ የሚገባ ነገር ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ስለ ልብና ስለ ደም እንቅስቃሴ የጻፉትን መጽሐፍ በ1628 ሲያሳትሙ፣ ደም ከልብ ወጥቶ በሰውነት ዞሮ ወደ ልብ የሚመለስ መሆኑን ያስረዱት በመላ ምት ብቻ አልነበረም። የጤነኛ እንስሳ ልብ እጅግ ይፈጥናልና ዐይን ሊከተለው አይችልም፤ ሃርቬይ ግን የውሾችን ልብ ሊሞቱ ሲቃረቡ፣ ምቱ እየዘገየ ሲሄድ እየተመለከቱ የትኛው ክፍል ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ እንደሚኮማተር ለይተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ስቲቨን ሄልስ የሚባሉ የቴዲንግተን መንደር ቄስ አንዲትን ባዝራ አስተኝተው በማሰር በእግሯ የደም ሥር ውስጥ የናስ ቱቦ አገቡና ከረጅም የመስተዋት ቱቦ ጋር አያያዙት፤ ደሙም 8 ጫማ ከ3 ኢንች ያህል፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሽቅብ ወጣ። ይህንና በውሾች ላይ ያደረጉትን ተመሳሳይ ሥራ በ1733 አሳተሙት። ዛሬ በየክሊኒኩ ክንዳችን ታስሮ የሚለካው የደም ግፊት መነሻው ይኸው ነው። ማደንዘዣ ኤተር በቀዶ ሕክምና መሥራት የጀመረው በ1846 መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ፣ እነዚያ እንስሳት የከፈሉት ዋጋ ምን እንደ ነበረ ለራሱ ሊገምት ይችላል።

በዚያው መቶ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ፤ ሆኖም የተቋቋመው ለውሻ ተብሎ አልነበረም። ክሎድ ቡርዥላ የሚባሉት የፈረስ ግልቢያ መምህር በ1761 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ዋናው ምክንያት የደስታ በሽታ፣ ማለት የከብት እልቂት ነበረ። የዚህን በሽታ ክፋት ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በሬውን ሁሉ ፈጅቶ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ረሀብ ያመጣው እርሱ ነው። የእኛም የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 በደብረ ዘይት ሲከፈት ትኩረቱ በከብት፣ በበግና በዶሮ ላይ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ «የከብት ሐኪም» የሚለውም ስም ራሱ ይመሰክራል። አራሽ በሬ ሲሞት ቤት ይፈርሳል፤ ፈረስ ሲሞት ጦር ይፈታል፤ ውሻ ሲሞት ግን በመንግሥት መዝገብ የሚጻፍ ነገር የለም። በለንደን ዴላቤር ብሌን የሚባሉ ሐኪም በ1817 ስለ ውሻ በሽታዎች መጽሐፍ ቢያሳትሙም፣ እንዲህ ያለው ሥራ ለብዙ ዘመን እንደ ትንሽ ሙያ ሲቆጠር ኖሯል።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ ውሻ እንምጣ። ስሙ ጂሚ ይባላል፤ ዘሩ ቡልዶግ ነው፤ ጌታው በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ኦገስተስ ዎለር ናቸው። ዎለር በ1887 የሰው ልብ በመታ ቁጥር የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ደረት ሳይከፈት ከአካል ውጭ ሆኖ መመዝገብ እንደሚቻል አሳዩ። ለዚህም የተጠቀሙበት መሣሪያ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ባገኘው ቁጥር ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲህ በየጉባኤው ይህን ሲያሳዩ ብዙ ጊዜ ይዘው የሚቀርቡት ጂሚን ነበር። ውሻው እግሮቹን የጨው ውሃ ባለባቸው የመስተዋት ዕቃዎች ውስጥ ነክሮ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ከውሃው የወጣው ሽቦ ከመሣሪያው ይያያዛል፤ የልቡም ምት በብርሃን ተስሎ በግድግዳ ላይ ይታያል። አልተቆረጠም፣ አልደማም፣ አልተደነዘዘም። ሥራው ሲያልቅ ከጌታው ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በ1909 ዎለር ይህንኑ በለንደን በሮያል ሶሳይቲ ፊት ካሳዩ በኋላ ነገሩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። አንድ የምክር ቤት አባል፣ ውሻው ሹል ምስማር ባለበት ጠፍር አንገቱን ታስሮ እግሮቹም ከብረት ሽቦ ጋር በተያያዘ ኬሚካል ውስጥ ተነክረው ተሠቃይቷልና ሕግ አልተጣሰምን ብለው ጠየቁ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኸርበርት ግላድስተን የሰጡት መልስ፣ ጠፍር የተባለው የናስ ጌጥ ያለበት የአንገት ማሰሪያ መሆኑን፣ ኬሚካል የተባለውም ትንሽ የገበታ ጨው የገባበት ውሃ መሆኑን የሚገልጽ ነበር፤ በባሕር ዳር እግሩን ነክሮ የሚያውቅ ሰው የውሻውን ስሜት ይረዳዋል በማለትም አከሉበት። ምክር ቤቱ እንደ ሳቀ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ጠያቂውን እንደ ሞኝ ብቻ መቁጠር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በዚያው ከተማ በ1903 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተማሪዎች ፊት በተቀደደ አንድ ቡናማ ውሻ ምክንያት ክስ ተነሥቶ፣ በ1906 በባተርሲ አደባባይ ለውሻው ሐውልት ቆሞለት፣ የሕክምና ተማሪዎች በሐውልቱ ምክንያት ሁከት አንሥተው፣ በመጨረሻም በ1910 ሐውልቱ በሌሊት ተነሥቷል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልተወለደም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የዎለር የራሳቸው ግምት ነው። ይህ መሣሪያ በሆስፒታል ሰፊ ጥቅም ይኖረዋል ብለው አላሰቡም ነበር። የዎለርን ትርኢት በ1889 በባዝል ጉባኤ የተመለከቱት የሆላንዱ ሊቅ ዊለም አይንትሆፈን ግን ወደ ላይደን ተመልሰው እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ሠሩ፤ የዛሬው ኤሌክትሮካርዲዮግራም ከእርሱ የመጣ ሲሆን፣ እርሳቸውም በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። የጂሚ ልብ የተሣለበት ጥበብ ለሰው በየሆስፒታሉ ሲሠራበት፣ ለታመሙ ውሾች ሕክምና እንዲያገለግል በሰፊው ከተጠኑት ሥራዎች አንዱ የስዊድኑ ኒልስ ላኔክ ጽሑፍ የወጣው በ1949 ነው። ከ1887 ስንቆጥር 62 ዓመት መሆኑ ነው።

ሁለተኛዋ ባለ ታሪክ አና ትባላለች፤ ዘሯ የተቀላቀለ ውሻ ነበረች። በአሜሪካ አገር በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ዶክተር ሄለን ታውሲግ የልባቸው አፈጣጠር ተሳስቶ ደማቸው በቂ አየር ስለማያገኝ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር ሕፃናትን ይመለከቱ ነበር። ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም መጨመር ቢቻል እነዚህ ልጆች ይድናሉ የሚለውን አሳብ ለቀዶ ሐኪሙ ለዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ አቀረቡ። አሳቡን በእጅ የፈተነው ግን ዲግሪ ያልነበረው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቪቪየን ቶማስ ነው። ቶማስ ሐኪም ለመሆን ያጠራቀመውን ገንዘብ በባንክ መክሠር ምክንያት አጥቶ በቤተ ሙከራ ሠራተኛነት የተቀጠረ ወጣት ነበር። ወደ ሁለት መቶ በሚደርሱ ውሾች ላይ በመጀመሪያ በሽታውን የሚመስል ሁኔታ መፍጠር፣ ቀጥሎም የእጅን ደም ወሳጅ ሥር ከሳንባው ሥር ጋር ሰፍቶ በሽታውን ማቃለል ተማረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለረጅም ጊዜ በሕይወት የኖረችው የመጀመሪያዋ አና ናት። ኅዳር መጨረሻ 1944 ዶክተር ብላሎክ አንዲት ታማሚ ሕፃን በዚህ ዘዴ ሲያክሙ፣ ቶማስ ከኋላቸው በመርገጫ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ስፌት ይነግራቸው ነበር። እርሱ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሠርቶታል፤ እርሳቸው ግን ገና ናቸው። በዚያ ዘመን በነበረው የዘር ልዩነት ምክንያት ቶማስ የሚከፈለው ደመወዝም ሆነ የሚጠራበት ማዕርግ ለሥራው የሚመጥን አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1976 ነው። የአና ሥዕልም በሆፕኪንስ ተሰቅሎላታል። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አብረው የደከሙት ሁለቱ፣ ውለታቸው ሳይነገር ብዙ ዘመን ማለፉን ልብ ይሏል።

በዚህ ላይ አንድ ጨዋ አንባቢ፣ «የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት ባሉበት አገር ስለ ውሻና ስለ ድመት ልብ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። በአገራችን በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ክዳን የሚያበላሸው ሪውማቲክ የሚባለው በሽታ ብዙ ወጣቶችን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2009 የተከፈተው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ለእነዚህና ልባቸው ሲፈጠር ለተበላሸባቸው ልጆች ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ የወላይታ ወይም የጎጃም ልጅ የሚድንበት ጥበብ በአናና በመሰሎቿ ገላ ላይ የተጠና ነው። ስለዚህ ነገሩ ከልጁ አፍ ነጥቆ ለውሻ የመስጠት ጉዳይ አይደለም፤ ልጁ የተቀበለው ከየት እንደ መጣ የማወቅ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ቢያንስ ልጁ እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ድመቶችም ከዚህ ታሪክ አልጎደሉም። ዶክተር ጆን ጊበን ልብ ቆሞ በሚጠገንበት ጊዜ ደምን የሚያዞርና አየር የሚሰጥ መኪና ለመሥራት ሲነሡ፣ በቦስተን ከተማ መንገድ ላይ የሚንከራተቱ ድመቶችን በማታ በዓሣ እያባበሉ በጆንያ ይይዙ እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። በ1935 የአንዲት ድመት ሕይወት በመኪናው ኀይል እንዲቆይ አደረጉ፤ በ1953 ደግሞ በፊላደልፊያ አንዲት ወጣት በዚሁ መኪና ታግዛ ልቧ ተጠገነ። ይህን መኪና አንባቢ እንዳይረሳው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ብድሩ መመለስ የጀመረው በዚያው በፊላደልፊያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዴትዋይለር የሚባሉ የእንስሳት ሐኪም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ክሊኒካቸው የሚመጡትን ውሾች ልብ በዝርዝር መመርመር ያዙ፤ ከባልደረባቸው ከዶናልድ ፓተርሰን ጋር በ1965 ያሳተሙት ጥናት ወደ አምስት ሺህ በሚጠጉ ውሾች ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች የተገኘው ዋና ነገር፣ የውሻ ልብ የሰውን ልብ ቢመስልም እንደ ሰው ልብ አይታመምም የሚለው ነው። ሰውን በብዛት የሚገድለው የልብ የደም ሥር በስብ መደፈን በውሻ ላይ እምብዛም አይታይም። የውሻው ዋና ሕመም የክዳን ሕመም ነው፤ በተለይ በትንንሽ ዝርያዎች፣ በግራው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ክዳን በዕድሜ ብዛት ይወፍርና ይጣመማል፤ በሚገባ ስለማይገጥምም ደሙ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ሐኪሙ በማዳመጫ ሲሰማው እንደ እስትንፋስ ያለ ድምፅ ይሰማል። ልብ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። እንደ ዶበርማን ባሉ ትላልቅ ዝርያዎች ደግሞ ክዳኑ ደኅና ሆኖ ጡንቻው ይደክማል፤ አንዳንዱም ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት ወድቆ ይሞታል።

ሕክምናው ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል። በሳንባ የተቋጠረውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ ሥርን የሚያላላ አለ፤ የልብን ግፊት የሚያበረታ ፒሞቤንዳን የሚባል አለ። በ2016 የታተመ በአራት አህጉራት የተካሄደ ጥናት፣ በ360 ውሾች ላይ እንደ ታየው፣ ክዳናቸው ታሞ ልባቸው የሰፋ ነገር ግን ገና ያልደከሙ ውሾች ይህን መድኃኒት ቀድመው ቢወስዱ የበሽታው መባባስ በ15 ወር ያህል ይዘገያል። ለውሻ ዕድሜ 15 ወር ብዙ ነው። ያለ መሣሪያ የሚደረገው ጥበቃም ቀላል ነው፤ የታመመው ውሻ በተኛበት ጊዜ እስትንፋሱን መቁጠር። በደቂቃ ከ30 እያለፈ የሚሄድ ከሆነ ሳንባው ውሃ መያዝ እንደ ጀመረ ያስጠረጥራልና ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል። ሰዓት ያለው ተማሪ ሁሉ ይህን ሊያደርግ ይችላል።

ድመት ግን በሽታዋን ትደብቃለች። የልቧ ጡንቻ ወፍሮ ደም የሚቋጠርበት ስፍራ ሲጠብ እንኳ እንደ ወትሮዋ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት የረጋ ደም ከልቧ ወጥቶ የታላቁን ሥር መጨረሻ ሲዘጋው የኋላ እግሮቿ በአንድ ጊዜ ሽባ ሆነው በሥቃይ መጮኋ ነው። ሜን ኩን በሚባለው ዝርያ ይህ ሕመም በዘር የሚተላለፍበት አንዱ ምክንያት በ2005 ታውቋል።

ከድመቶች ታሪክ ግን የበለጠ የሚደነቀው ሌላ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ድመቶች ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱም አይታወቅም ነበር። በ1987፣ ከዎለር ሥራ ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚሠሩት ፖል ፓየንና ባልደረቦቻቸው፣ ከፋብሪካ የሚወጣ የድመት ምግብ ይበሉ የነበሩ ልባቸው የደከመ 21 ድመቶች ደም ውስጥ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር እጅግ አንሶ መገኘቱን ገለጹ። ታውሪን ሲሰጣቸው የልባቸው ጉልበት ተመለሰ። ያለ መድኃኒት ተስፋ ይሞት የነበረ ልብ፣ ከምግቡ የጎደለው ነገር ሲጨመርለት ዳነ! ውሻ ይህን ንጥረ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሠራዋል፤ ድመት ግን በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። ፋብሪካዎቹ ታውሪኑን ጨመሩ፤ ያም በሽታ ወዲያው ብርቅ ሆነ። ታውሪን ስሙን ያገኘው በላቲን ቋንቋ በሬን ከሚገልጸው ቃል ነው፤ በ1827 ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ያወጡት ከበሬ ሐሞት ነበርና። አባቶቻችን ጎበዙን «ሐሞት ያለው» ማለታቸው ስለ ድመት ልብ አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ግጥጥሞሹ ደስ ያሰኛል። የምግብ ጉዳይ ግን አላበቃም። በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ እህል የሌለባቸውንና በአተርና በምስር የተሞሉ ምግቦችን በሚበሉ አንዳንድ ውሾች ላይ የልብ ጡንቻ ድካም መታየቱን አስታውቆ ምርመራ ጀመረ፤ ትክክለኛው ምክንያት አሁንም ያከራክራል።

በዚያው በ1987 ሌላ ነገር ሆነ። በሞቃት አገሮች ትንኝ ወደ ውሻ የምታስተላልፈው ትል አለ፤ ሴቷ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ መኖሪያዋም በሳንባው ታላቅ ሥርና በቀኝ ልብ ውስጥ ነው። ይህን ትል ለመከላከል በየወሩ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት ለውሾች የተፈቀደው፣ ይኸው መድኃኒት የወንዝ ዳር ዕውርነትን ለሚያመጣው ትል በነጻ መታደል በተጀመረበት ዓመት ነው። በአገራችን በደቡብ ምዕራብ፣ በከፋና በአካባቢው፣ ሕዝቡ የሚውጠው እንክብል ይኸው ነው። መድኃኒቱን ያስገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

አንባቢ እንዳይረሳው ወዳልነው መኪና እንመለስ። በጃፓን አገር በዮኮሃማ ከተማ ዶክተር ማሳሚ ኡዬቺ የሚባሉ የእንስሳት ሐኪም በክዳን ሕመም የደከሙትን ትንንሽ ውሾች ልብ ከፍተው ይጠግናሉ። ይህ ሕክምና በዓለም ላይ በጥቂት ስፍራ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ዋጋውም ከብዙ ሰው ዐቅም በላይ ነው። ውሻው አንዳንድ ጊዜ ከድመት ብዙም አይከብድም፤ ደሙ በመኪናው ሲዞር ልቡ እንዲቆም ይደረጋል፤ የተበጠሱት የክዳኑ ጅማቶች በሰው ሠራሽ ክር ይተካሉ፤ የሰፋውም አፍ በስፌት ይጠባል። ከዚያ ልቡ ዳግመኛ መምታት ይጀምራል፤ በአጠገቡም ባለው መስተዋት ላይ ጂሚ በጨው ውሃ ቆሞ ያሳየው ያ መስመር ከፍና ዝቅ እያለ ይታያል።